ያለ ኒያ የተነሣች ጣት

እናቴ ሕመሟን መጀመሪያ የነገረችኝ በስልክ ነው፤ በሁለት ቃል። «ኒያ አጣሁ» አለችኝ።

እሷ ያኔ ከሚሴ ናት፣ እኔ ኢስታንቡል። በአንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ በሽተኞችን በተሽከርካሪ ወንበር ከክፍል ወደ ክፍል እወስዳለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ቱርክኛ ለማይችል ሐበሻ አስተረጉማለሁ። ስልኩን ያነሣሁት በምሳ ዕረፍቴ፣ ጓሮው ላይ ቆሜ ነበር። ቃሉን ሰማሁት፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። ኒያ እኮ እንደ ቁልፍ የሚጠፋ ዕቃ አይደለም። ሰው ለሰላት ሲቆም፣ ጾም ሲይዝ፣ ሰደቃ ሲሰጥ፣ ይህን የማደርገው ለአላህ ነው ብሎ በልቡ የሚያስረው ሐሳብ ነው። ያለ እሱ ስግደቱ ወገብ ማጠፍ፣ ጾሙም መራብ ብቻ ይሆናል። ይህንንም ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ልጅ ሳለሁ ከጎኗ ቆሜ ቶሎ እጄን አንሥቼ «አላሁ አክበር» ስል በክርኗ ጎሸም ታደርገኝና፣ «ነየትሽ? ወይስ ዝም ብለሽ ነው?» ትለኝ ነበር።

«ሰነፍሽ እንዴ፣ እማ?» አልኳት እየሳቅሁ።

«አልሰነፍኩም። ውዱእ አደርጋለሁ፣ እቆማለሁ። ከቆምኩ በኋላ ስፈልገው የለም። ጭው ያለ ነገር ነው። ሳልነይት እጄን አንሥቼ አላህን አላታልልም ብዬ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ።»

ሩቅ አገር ያለ ልጅ የሚያደርገውን አደረግሁ። ዱዓ በድምፅ ቀድቼ ላክሁላት፣ ቁርኣን እያስቀራሽ አድምጪ አልኳት። «እሺ» አለችኝ። እናቴ እሺ የምትል ሴት አልነበረችም፤ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ቅቤ ነጋዴ ናት። በገበያ ቀን ገና ሳይነጋ ሰንበቴ ገበያ ትወርድና ከአፋር ሴቶች ጋር ትከራከራለች። ቋንቋቸውን የምታውቀው ለክርክር የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። የተሰደበች ሲመስላት በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ ስትታረቅ በአማርኛ ትመርቃለች። አባቴ ካረፈ በኋላ እንኳ የባል ሐዘን ወቅቷን፣ ዒዳዋን፣ ጨርሳ ወደ ገበያዋ ተመልሳለች። ይኸኛው የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ደህና ሆናለች ተብሎ ሁሉም ከረሳ በኋላ። መጀመሪያ ገበያው ቀረ። ከዚያ ዘመድ መጠየቅ ቀረ። ከዚያ ምግቡ ጣዕም አጣ። እሷ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም በሽታ ብላ አልቆጠረችውም። በሽታ ያለችው ኒያው የጠፋ ዕለት ነው።

ከሚሴ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል፤ አፉም እንደ ባጃጁ ነው፣ አያርፍም። እሱና አክስቶቼ ተመካክረው ሼኹን ቤት ጠሩ። ወንድሜ በኋላ እንደነገረኝ፣ ሰዉ ሁሉ ቃሏን ቃል በቃል ይዞባት ነበር። ኒያ አጣሁ ካለች ኒያውን እናስታውሳት ነው ነገሩ። አክስቶቼ ግራና ቀኝ ይዘው አቆሟት፤ አንደኛዋ ለሕፃን እንደሚደረገው በጆሮዋ፣ «የዙህርን ፈርድ አራት ረከዓ ለአላህ ብዬ ለመስገድ ነይቻለሁ፣ በይ» እያለች ታስጠናታለች።

እናቴ ሁሉንም ደገመችላቸው። ከዚያ ወደ ሼኹ ዞራ፣ «ቃሉማ አለኝ፣ ሼኼ። የቃሉ ባለቤት ናት የሌለችው» አለች።

ሼኹ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ዘንድ ኪታብ የቀሩ ደረሶችም ብዙ ናቸው። ጅን ነው እንዲሉ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው ዱዓ ካደረጉላት በኋላ፣ «ይቺ ሴት ሰላት የተወችው ሰላትን ስለናቀች አይደለም፤ ስላከበረች ነው። ይኼ ሕመም ነው። ደሴ ውሰዷት» አሉ። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተቀይሮ ነበር፤ ወዲያው ግን፣ «አክስቶችሽ ግን ተቀየሙ፤ ጅን ቢሆን ዶሮ ይታረድ ነበር» ብሎ ጨመረበት።

ደሴ ያየቻት ሐኪም የድባቴ ሕመም ነው አለች፤ ኪኒን ጀመረችላት። እንቅልፏ ተመለሰ፣ ጥቂት ትበላ ጀመር። ኪኒኑ ተለወጠ፣ ተጨመረ። ያ የጠፋው ነገር ግን አልተመለሰም።

እኔ ከምሠራበት ፎቅ ኮሪደር ጫፍ አንድ በር አለ። በሩ ሲዘጋ ከውስጥ የግንደ ቆርቁር ድምፅ ይሰማል፤ ፈጠን ፈጠን ብሎ ይቆረቁርና ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል። ታካሚዎችን እስከ በሩ አድርሼ እመለሳለሁ እንጂ ምን እንደሚሠራ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የማይመለከተኝን አልጠይቅም፤ ተፈጥሮዬ ነው። አንዲት አዘውትሬ የማመላልሳት ሴትዮ ግን፣ መጀመሪያ ሰሞን ዐይኗን ከወለሉ የማታነሣ፣ አንድ ቀን ጫማዬን አይታ፣ «ክሩ ተፈትቷል፣ ይጥልሻል» አለችኝ። ቆምኩ። ያንን ክር ያየው ዐይን ከየት መጣ? በሩን የምትከፍተውን ባለሙያ ጠየቅኋት። ወጣት ሴት ናት፣ ሻይዋን ቆማ የምትጠጣ።

«ማግኔት ነው» አለችኝ። «ኪኒን ላልረዳቸው ድባቴ ሕሙማን። ጭንቅላት ላይ እናስጠጋለን፤ አንጎል ውስጥ ያሉ የነርቭ ሕዋሶችን ከውጭ ይቀሰቅሳል።»

«ሳይቀድዱ? ሳይወጉ?»

«ሳይነኩ። ሁሉንም ግን አይረዳም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ።»

በዚያው ዓመት ፈቃድ ወስጄ ከሚሴ ገባሁ። ወንድሜ ከመናኸሪያ በባጃጁ ተቀበለኝና ገና ሻንጣዬን ሳይጭን ነገሩን ነገርኩት።

«ማግኔት?» አለ። «ያቺ የተሰበረ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ያለችው? በቦርከና ወንዝ አሸዋ ላይ ስንጎትታት ጥቁር ጢም የምታወጣው?»

«የዚያ ዘመድ ነች።»

«እንዲያ ከሆነ እትዬ፣ ምን ቱርክ ድረስ አደከመሽ። ሁለት አለችኝ፤ በሻሿ እናስርላት።» ሞተሩን አስነሣ። ጥቂት ከሄደ በኋላ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «ትድናለች ግን?» አለኝ።

«አላህ ያውቃል» አልኩት። ሌላ የማውቀው አልነበረኝም።

እናቴ ወደ ጓዳው ግድግዳ ዞራ ተኝታ አገኘኋት። ተነሥታ ሳመችኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ፣ ወዲያው ደከማት። የመጣሁበትን ስነግራት አዳመጠችኝ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ አልኳት።

«እንደወደዳችሁ።»

«አንቺስ ምን ትወጃለሽ?»

«እኔማ የምወደውን ባውቅ መቼ ታመምኩ፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለቷ ነው፤ በኦሮምኛ ልጄ ስትለኝ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይሰማኛል።

ይህ ነገር ከነከነኝ። የገዛ ፈቃዷን ያጣችን ሴት አንሥቼ ባሕር ማዶ ስወስድ ፈቃዱ የማን ነው? ሼኹን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ጭንቅላት ውስጥ ማግኔት ማስገባት ሐራም እንደሆነ የምጠይቃቸው መስሏቸው ነበር። ነገሩ ሲገባቸው፣ «የሚሰጥም ሰው ስትጎትቺ መጀመሪያ ታስፈቅጂዋለሽ?» አሉኝ። «እስክትደርስ እናንተ ነይቱላት።»

ቪዛው፣ ሐኪሞቹ ያዩት የሕመም ታሪክ፣ ጉዞው፣ ይህ ሁሉ እንደማንኛውም ሰው ጉዳይ በልመናና በትዕግሥት አለቀ። አውሮፕላን ስትሳፈር እናቴ አልፈራችም። ብትፈራ ደስ ባለኝ።

የመጀመሪያው ቀን በዚያ በር ገባን። አሁን ወንበር ገፊ ሳይሆን አስተርጓሚና ልጅ ሆኜ ነው የገባሁት። ባለሙያዋ በሩን ዘግታ፣ ወንድ እንደማይገባ ነገረችንና የእናቴን ሂጃብ እስፒሎች አንድ በአንድ እንድነቅል አዘዘችኝ። የጆሮ ጌጧንም አወለቅሁላት። ብረት የሚባል ራሷ አጠገብ እንዳይኖር ነው። ፀጉሯ ላይ ቀጭን ቆብ አጠለቀችላት፣ ጆሮዋ ላይ መድፈኛ አደረገችላት። ከዚያ መሣሪያውን አመጣች፤ ሁለት ክብ ጎን ለጎን የተጣበቁበት፣ ትልቅ መነጽር የመሰለ፣ ወፍራም ገመድ የተቀጠለበት ነገር። እኔ ብዙ ጠብቄ ነበር። ይኼው ነው?

«ማግኔቱ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምንም አያደርግም» አለችኝ፣ ለእናቴ እንድነግራት። «በቅጽበት ይነሣል፣ በቅጽበት ይጠፋል። ያ መነሣትና መጥፋቱ ቆዳውንም አጥንቱንም እንደሌለ ቆጥሮ ያልፍና ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ሕዋሶቹ ደግሞ የሚነጋገሩት በዚያው ቋንቋ ነው። ዛሬ መጀመሪያ ልኩን እንፈልጋለን። ለእጅ የሚያዘውን ቦታ ስናገኝ እጇ ራሷ ትነግረናለች።»

ለእናቴ ነገርኳት። «እሺ» አለች።

ቀኝ እጇን በወንበሩ ክንድ ላይ አዝናንታ አስቀመጠች። ባለሙያዋ መሣሪያውን ከግራ በኩል በራሷ ላይ አሳረፈችና አንዴ ጠቅ አደረገችው። ምንም የለም። ጥቂት ወደ ፊት፣ ጠቅ። ምንም። ጥቂት ወደ ጎን። እንደዚያ ስትፈልግ፣ ውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው መሬት ሲያንኳኳ ይመስል ነበር። ከዚያ አንዴ ጠቅ ሲል የእናቴ አመልካች ጣት ከወንበሩ ላይ ብድግ ብላ ተመለሰች።

አውራ ጣት ልትሆን ትችል እንደነበር በኋላ ተነግሮኛል፤ በብዙ ሰው አውራ ጣት ናት አሉ። የእናቴ ግን አመልካቿ ናት። እያንዳንዱ ሙስሊም በሰላቱ መቀመጫ ላይ፣ ከአንድ አላህ በቀር ሌላ የለም ሲል የሚያነሣት የቀኝ እጅ ጣት።

እናቴ ጣቷን አየቻት። «ኩን ማሊ?» አለች። ይኼ ምንድን ነው?

ባለሙያዋ ደገመችው። ጠቅ፤ ጣቲቱ ተነሣች። ጠቅ፤ ተነሣች። ወላሂ፣ ሬሳ ሲገነዝ አይቻለሁ፣ ልጅ ሲወለድ አይቻለሁ፣ እንደዚያች ጣት ግን ያስደነገጠኝ የለም። ማንም ሳይነካት፣ ባለቤቷም ሳታዛት። በአንድ አጥንት ማዶ፣ በጨለማ ውስጥ፣ ለአንዲት ጣት ብቻ የተሰጠች ቦታ አለች፤ ስትጠራ አቤት ትላለች። ያንን ቦታ እዚያ ያስቀመጠ ጌታ ጥራት ይገባው አልኩ በልቤ።

«ጣቴን ማን አነሣት?» አለች እናቴ።

አስተረጎምኩ። ባለሙያዋ ፈገግ አለች። «እኔ ነኝ፣ ተይዜ» አለች። ተይዜ እነሱ ዘንድ አክስት ማለት ነው፤ ትልቅ ሴት ሁሉ የሚጠራበት።

«ያለ ኒያዬ?»

ይህን ለመተርጎም አፌን ስከፍት ባለሙያዋ በእጇ አስቆመችኝ። «ኒየት?» አለች። «ኒየት ነው ያሉት?» ቃሉ ለካ እነሱም ጋ አለ፤ ከከሚሴ እስከዚህ ድረስ ያለ አስተርጓሚ መጥቷል። ሁለቱ ሴቶች በእኔ ላይ ተሻግረው ተያዩ። ከዚያ ባለሙያዋ መሣሪያውን ዝቅ አድርጋ፣ «ኒየት አላነሣሁም፣ ተይዜ» አለቻት። «ጣት ብቻ ነው ያነሣሁት። ኒየት የሚያነሣ ማግኔት ቢኖር መጀመሪያ የምቀመጥበት እኔ ነኝ፤ ጠዋት ሩጫ ልጀምር ካልኩ ስንት ክረምት አለፈ።»

ይህን ስነግራት የእናቴ አፍ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ንቅንቅ አለ። ሳቅ አይደለም። ሳቅ የሚያልፍበት መንገድ ነው ልበል።

ልኩ ከታወቀ በኋላ መሣሪያው ከእጅ ቦታ ወደ ግንባር በኩል ጥቂት ጣት ያህል ተገፋ፤ ሕክምናው ያ ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ግንደ ቆርቁሩ ጀመረ። የራስ ቆዳዋን እንደ ጥፍር ይቆነጥራት ነበር፤ ግንባሯን ቋጠረች እንጂ አልተናገረችም።

ስንመለስ ትራም ላይ ተቀመጥን። ሰዉ ሁሉ ስልኩን ይነካካል። እናቴ ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታያት ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር አተኩራ ስታይ አየኋት።

«ስትነሣ እኔ አልነበርኩባትም» አለችኝ።

«አዎ፣ እማ። መሣሪያው ነው።»

«እሱንማ ሰማሁ፤ ቂል አታድርጊኝ። የምልሽ፣ እንዳልነበርኩባት አውቄያለሁ። ጣቷ ብድግ ስትል፣ ይቺ እኔ አይደለሁም ያለ አለ። እሱ ማነው?»

«ባለቤቷ የለችም ስላችሁ ከረምኩ» ብላ ቀጠለች። «ቤት ውስጥ የሌለ ሰው፣ በሬን ማን ከፈተው ይላል?» ከዚያ ደከማትና ራሷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ዐይኗን ጨፈነች። እኔ ግን መውረጃችንን አሳልፌ ነበር፤ ሐሳቡ ይዞኝ ሄዶ።

ከሥራ ቀን አንዱንም ሳናስተጓጉል ተመላለስን። ታሪኬን ለማሳመር ብዬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሻላት አልልም። ራሷን ያማት ነበር። አንዳንድ ቀን ከመጣንበት ብሳ ትመለስ ነበር። አንድ ሰሞን እንዲያውም ምንም የለም ብዬ ተስፋ ቆርጬ፣ ኩሽና ገብቼ ውኃ ከፍቼ አልቅሻለሁ። ወንድሜ እየደወለ፣ «ማግኔቷ ጢም አወጣች?» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ፣ «ገና ናት፣ አሸዋው ብዙ ነው» እለዋለሁ። ኪኒኗንም አላቋረጠችም፤ ሐኪሞቹ አዘዋታል። ምኑ ምን እንደሠራ ለይቶ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።

እኔ ባለሁበት ጊዜ ሁሉ ስለ ሰላት አላነሣሁባትም። የምሰግደውም እሷ ከምትተኛበት ሳሎን ሳይሆን ከጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል በሬን ዘግቼ ነበር፤ እያየችኝ ዘለፈችኝ እንዳትል ብዬ። መስገጃውም እዚያው ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ሕክምና በሌለበት ዕለት፣ ከሰዓት ከሥራ ወጥቼ አትክልት ገዝቼ መጣሁ። በሩን በቁልፍ ከፍቼ አንድ እግሬን አስገባሁ። እናቴ ፊት ለፊቴ ቆማለች። ወለሉ ላይ ንጹሕ ፎጣ አንጥፋ፣ ሂጃቧን አስተካክላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዐይኗ ከእግሯ ሥር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አላየችኝም፤ ወይም አይታኝ ንቃኛለች።

ትሰግዳለች። ፊቷን ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አዙራ። በዚያ ቤት ቂብላው፣ የመካ አቅጣጫ፣ ግን በመስኮቱ በኩል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ጀርባዋን ሰጥታዋለች።

ወዲያው ገባኝ። ከሚሴ ላይ መካ በሰሜን ነው። የእኛ አገር የጨፋ ሜዳ ሰው ሁሉ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ደሴ መንገድ ዞሮ ይሰግዳል፤ በዐስር ሰላት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በግራው፣ ወደ ደጋው ተራራ ታዘቀዝቃለች። እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ ፀሐይዋን በመስኮት አይታ፣ በግራዋ አድርጋ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደቆመችው ቆማለች። እዚህ ግን ከመካ ወዲያ ማዶ ነን፤ ወደ ደቡብ ነው የሚሰገደው፣ ወደ አገር ቤት።

ልለፍ እንዳልል ሰላት ላይ ያለ ሰው ፊት አይታለፍም። ላናግራትም አልችልም። ዝም ልበል ብል ደግሞ ቂብላው ቂብላ ነው፤ እኔ በእንዲህ ያለ ነገር ቸልተኛ አይደለሁም። ላርም ብል፣ ያቺ ስንት ባሕር ተሻግራ የመጣች ነገር እንደ ወፍ ብር ብትልስ? የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ በደረጃው ሲወርድ ግማሽ አካሌ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ፣ ቲማቲም አቅፌ አገኘኝ። «ቁልፉ እንቢ አለሽ?» አለኝ በሹክሹክታ። ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁበት።

ሰላቷን ጨርሳ እስክታሰላምት ቆምኩ። ወደ ቀኝ አሰላመተች፣ ወደ ግራ አሰላመተች።

«ምን ተገትረሽ ታዪኛለሽ?» አለችኝ።

«እማ፣ ነየትሽ?»

«ሳልነይት እቆማለሁ እንዴ?» ቀጥ ብላ አየችኝ። «ምን ሆነሻል? የሆነ ነገር አለ።»

መዋሸት አልችልበትም። «ቂብላው በመስኮቱ በኩል ነው» አልኳት።

ዞራ መስኮቱን አየች፤ ከዚያ እኔን። «ቆመሽ እያየሽኝ ነው አራቱንም ረከዓ?»

«እንዳላቋርጥሽ ብዬ።»

«እኔ እንደዚህ አድርጌ አሳደግሁሽ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «እናትሽን ጀርባዋን ለካዕባ ሰጥታ ስትሰግድ ቲማቲም ታቅፈሽ ታያለሽ? ሰንበቴ ላይ የማላውቃት የአፋር ሴት እንኳ ብትሆን፣ ቅቤሽ እየፈሰሰ ነው ትለኛለች።» እንደዚያ ከተቆጣችኝ ስንት ጊዜዬ። ጉንጬ ተቃጠለ። በስስት ነበር የምሰማት፤ ባትጨርስ ደስ ባለኝ።

«ሳታውቂ ነው እኮ፣ እማ። ሞክረሽ፣ ገምተሽ ነው። ይያዝልሻል የሚሉ ዑለማዎች አሉ።»

«የሚሉትን ተይ። ወቅቱ አላለፈም፤ እደግመዋለሁ።» ፎጣውን በእግሯ ጫፍ ሳይሆን ጎንበስ ብላ በእጇ አነሣችና ወደ መስኮቱ አዙራ አነጠፈችው። «አሁን ቀጥ ብሏል?»

«ትንሽ ወደ ግራ።»

አስተካከለችና ቆመች። «ዝም በይ እንግዲህ» አለችኝ፤ ምንም ሳልናገር።

እጇን ግን አላነሣችም። ቆማ ቀረች። ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው። ያ ዝምታ ረዘመብኝ። የመጀመሪያውን ኒያ ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳይጎተጉታት አገኘችው፤ እኔ ደርሼ አፈረስኩባት፤ አሁን ፈልጋ ብታጣውስ? ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁ፣ ወይም መሰለኝ። ከታች መንገድ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ያረቢ፣ ያረቢ እያልኩ ከረጢቱን ወደ ደረቴ አጥብቄ ያዝኩት።

ከዚያ ሁለቱም እጆቿ እስከ ጆሮዋ ተነሡ። «አላሁ አክበር» አለች፤ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ እኔ ግን ሰማሁት።